«መደበኛ» የተባለው ሁነታ፦ በንግድ ረዳት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የውይይት ሁነታዎች የኮድ ውቅርና በአማርኛ የአክብሮት ሰዋስው ላይ የቀረበ ሂስ

አኅጽሮት፦ ይህ ጽሑፍ በንግድ ሥራ ሶፍትዌር ውስጥ የሚገቡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች የውይይት ሁነታቸው በኮድ ሲዋቀር ከአማርኛ የአክብሮት ሥርዓት ጋር የሚጋጩበትን ቦታ ይመረምራል። ለምርመራው የተመረጠው የማይክሮሶፍት ቢዝነስ ሴንትራልና የሚዋቀርበት ኤኤል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ «መደበኛ» የሚለው ሁነታ በእንግሊዝኛ የቃላት ምርጫን ብቻ ሲነካ፣ በአማርኛ የግሡን መደብና ቁጥር ይነካል። በመሆኑም ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚለየው መረጃ በአክብሮቱ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል። ጽሑፉ ይህን ካሳየ በኋላ፣ በዚያው ሶፍትዌር ውስጥ የቆየ የሰላምታ ሠንጠረዥ ለአማርኛ የተሻለ መነሻ እንደሚሆን ይጠቁማል።

1. መነሻ

ለንግድ ድርጅት የውይይት ረዳት የሚያዋቅር ፕሮግራም አዘጋጅ በመጀመሪያ ከሚወስናቸው ነገሮች አንዱ ረዳቱ በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚናገር ነው። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅጽል ይጠናቀቃል፤ «መደበኛ ሁን»፣ «ወዳጃዊ ሁን»፣ «አጭር ሁን» ይባላል። ይህ ቅጽል በኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ምልልስ ሁሉ ይሠራል ተብሎ ይታመናል።

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ ሥልጣንና ስለ ቅርበት ተውላጠ ስሞች ካሳተሙት ጥናት ወዲህ፣ የአክብሮት መጠሪያ በተናጋሪውና በአድማጩ መካከል ያለ ዝምድና መግለጫ እንደሆነ በቋንቋ ጥናት የታወቀ ነው። ዝምድና ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል። የጽሑፍ ጠባይ ተደርጎ በአንድ ቅጽል ሲወሰን አንደኛው ወገን ይጠፋል። ይህ መዛነፍ በሁሉም ቋንቋ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። ጉዳቱ የሚከፋው አክብሮት በግሥ ስምምነት ውስጥ በገባባቸው ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። የሂሳብ መዝገብ ደግሞ «ማን» የሚለው ጥያቄ መልሱ በገንዘብ የሚለካበት ቦታ በመሆኑ፣ የንግድ ረዳት ለዚህ ምርመራ ተገቢ መስክ ይሆናል።

2. ሁነታ በኮድ ውስጥ

ቢዝነስ ሴንትራል የሂሳብ፣ የሽያጭ፣ የግዥና የእቃ ቁጥጥር ሥራን በአንድ ላይ የሚይዝ ሥርዓት ነው። ኮፓይለት የተባለው ረዳት ወደዚህ ሥርዓት መግባቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ቆየት ብሎም ማንኛውም የኤኤል ፕሮግራም አዘጋጅ የራሱን ረዳት እንዲያዋቅር የሚያስችሉ መሣሪያዎች ተጨመሩ። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ «ሁነታ» የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ሂሱ ግልጽ እንዲሆን ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የገጽ ሁነታ ነው። ፕሮምፕት ዲያሎግ የተባለው የገጽ ዓይነት ሦስት ሁነታዎች አሉት። እነርሱም የተጠቃሚውን ጥያቄ የሚቀበለው ፕሮምፕት፣ ሞዴሉ ምላሹን የሚያዘጋጅበት ጀነሬት፣ የተዘጋጀው ምላሽ ለምርመራና ለማረም የሚቀርብበት ኮንቴንት ናቸው። ፕሮግራም አዘጋጁ ገጹ በየትኛው እንደሚከፈት በአንድ የባሕርይ መስመር ይወስናል።

ሁለተኛው የአነጋገር ሁነታ ነው። ይህ በሥርዓት መልእክት፣ ማለትም ተጠቃሚው በማያየውና ሞዴሉ ከሁሉ አስቀድሞ በሚያነበው መመሪያ፣ ውስጥ ይጻፋል። ለተጠቃሚው ምርጫ መስጠት ሲፈለግ ደግሞ ገጹ ፕሮምፕት ኦፕሽንስ የተባለ ክፍል አለው። ክፍሉ የሚቀበለው ከተወሰነ ዝርዝር የሚመረጡ መስኮችን ብቻ ነው። «መደበኛ» እና «ዘና ያለ» የመሳሰሉት ምርጫዎች የሚቀመጡት እዚህ ነው።

ሦስተኛው የማመንጨት ሁነታ ነው። ሞዴሉ ከተለመደው ቃል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው ቴምፕሬቸር፣ እንዲሁም ምላሹ ስንት ቶከን ድረስ እንደሚዘልቅ የሚወስነው ጣሪያ በዚህ ይመደባሉ።

ሦስቱም ለእንግሊዝኛ እርስ በርሳቸው ነጻ ናቸው። የአነጋገሩ ምርጫ የገጹን ቁልፎች አይነካም፤ የቶከን ጣሪያውም የአነጋገሩን ጨዋነት አይለውጥም። በአማርኛ ግን አንዱ ሌላውን ይነካል። ቀላሉን ምሳሌ ለማየት ከቁልፎቹ እንነሣ። ምላሽ የሚያስጀምረው ቁልፍ በእንግሊዝኛ ተቀባዩን የማይገልጽ ትእዛዝ ነው። በአማርኛ «ፍጠር»፣ «ፍጠሪ» ወይም «ይፍጠሩ» ከማለት በፊት ማን ማንን እንደሚያዝዝ መወሰን ግድ ነው። ቁልፉን የሚጫነው ሰው መሣሪያውን ያዝዛል። ከቁልፉ በላይ ባለው ባዶ መስክ ግን መሣሪያው ሰውየውን «የደንበኛውን ስም ያስገቡ» ይለዋል። በአንድ ገጽ ላይ ትእዛዙ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው። የቁልፎቹ ጽሑፍ በኤክስሊፍ የትርጉም ፋይል በኩል ወደ ተርጓሚው ይደርሳል። የአነጋገሩን ደረጃ የሚወስነው የሥርዓት መልእክት ግን በአብዛኛው ከዚያ ፋይል ውጭ ይቀመጣል። ስለዚህ ገጹን የተረጎመው ሰውና የረዳቱን አነጋገር የወሰነው ሰው ሳይተያዩ ይሠራሉ።

3. አክብሮትና የግሥ ቅርጽ

የአማርኛን የአክብሮት ቅርጾች ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰፊ የማጣቀሻ ሰዋስው፣ ባዬ ይማምም በአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው ስለዘረዘሯቸው እዚህ ሁሉን መድገም አያስፈልግም። ለክርክራችን የሚያስፈልገውን ብቻ «ከፈለ» በሚለው ግሥ እንመልከት፦

አንተ ትከፍላለህ
አንቺ ትከፍያለሽ
እናንተ ትከፍላላችሁ
እርስዎ ይከፍላሉ
እሱ ይከፍላል
እሷ ትከፍላለች
እሳቸው ይከፍላሉ
እነሱ ይከፍላሉ

«ይከፍላሉ» የሚለው ቅርጽ ሦስት ባለቤቶች አሉት፤ የተከበረ አድማጭ፣ ስሙ የተነሣ የተከበረ ሰውና ብዙ ሰዎች። ውሕደቱ በዚህ ጊዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኃላፊው «ከፈሉ»፣ ከቦዝ አንቀጽ በሚወጣው «ከፍለዋል»፣ በአሉታው «አልከፈሉም»፣ በትእዛዝና በዘንድ አንቀጽም «ይክፈሉ» ብንል ሦስቱ ባለቤቶች አንድ ቅርጽ ይካፈላሉ። በአክብሮት የሚነገር ሁለተኛ መደብ የሦስተኛ መደብ ብዙን ግሥ ስለሚወስድ፣ በግሡ ላይ የመደብም የቁጥርም ልዩነት ይጠፋል።

እንግዲህ ለማስረጃ ያህል የተቀመረ አንድ ምላሽ እንውሰድ። ረዳቱ ያልተከፈለ ሂሳብን በተመለከተ ለሒሳብ ሠራተኛዋ በ«መደበኛ» ሁነታ እንዲህ ሲል ያጠቃልላል እንበል፦ «አቶ ግርማ ከአቅራቢዎቹ ጋር ተነጋግረዋል። ቀሪውን እስከ ሰኞ ይከፍላሉ።» ከፋዩ አቶ ግርማ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አቅራቢዎቹም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መልእክቱን የምታነበው ሠራተኛ ራስዋም ልትሆን ትችላለች። ይኸው ምላሽ በ«ዘና ያለ» ሁነታ ቢዘጋጅ «ይከፍላል»፣ «ይከፍላሉ» እና «ትከፍያለሽ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ስለሚሆኑ ጥያቄው አይነሣም። የጠፋው መረጃ የጠፋው በአክብሮቱ ነው።

ይህ ውሕደት ለተናጋሪው ማኅበረሰብ አዲስ አይደለም፤ ሰውም ለብዙ ዘመን ሳይቸገር ሲግባባበት ኖሯል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚግባባበትን መንገድ ማየት ያሻል። በቃል ንግግር ዓይን፣ እጅና ድምፅ ይረዳሉ። በጽሑፍ ደግሞ ጠንቃቃ ጸሐፊ «እርስዎ» የሚለውን ተውላጠ ስም፣ ስምን ወይም ማዕርግን ይደግማል። አማርኛ ባለቤቱን መተው ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም፤ የመቼውን መተውና የመቼውን መድገም የሚወስነው የጸሐፊው ፍርድ ነው። በንግድ ረዳት ውቅር ላይ «መደበኛ» ከሚለው አጠገብ ዘወትር የሚቆመው «አጭር» የሚለው መመሪያ ግን የሚያስወግደው እነዚህኑ ነው። ድግግሞሽ መስሎ የሚታየው ተውላጠ ስም ይወጣል፤ የስሙ ዳግም መጠራት ይቀራል። ለየብቻ ሲታዩ ምንም ጉዳት የሌላቸው ሁለት ሁነታዎች በአንድነት ሲሠሩ ዕዳውን ባለዕዳ ላልሆነ ሰው ያስተላልፋሉ።

4. የጀርመንኛ ምሳሌና የአካባቢያችን ቋንቋዎች

የአክብሮትን ደረጃ በአንድ መለኪያ የመወሰን ልማድ ከአውሮፓ ቋንቋዎች ልምድ የመጣ ነው። ዲፕኤል የተባለው የትርጉም አገልግሎት ለጀርመንኛና ለፈረንሳይኛ መደበኛነትን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ መለኪያ ለፕሮግራም አዘጋጆች አቅርቧል። ጀርመንኛን ማየቱ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በጀርመንኛም የአክብሮቱ «ዚ» እና የብዙው «ዚ» አንድ የግሥ ቅርጽ ይጋራሉ። ይሁን እንጂ ጀርመንኛ ተውላጠ ስሙን መተው በአብዛኛው አይፈቅድም፤ በጽሑፍም የአክብሮቱን ተውላጠ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። መለኪያው ሳይወቀስ የሠራው ቋንቋው ራሱ ሁለት አጥሮች ስላሉት ነው። አማርኛ ባለቤቱን ይተዋል፤ ፊደሉም ትልቅና ትንሽ የለውም። አንዱን መለኪያ ከዚያ አንሥቶ እዚህ መትከል አጥሮቹን ጥሎ ቤቱን ብቻ መውሰድ ነው።

መፍትሔው «የአፍሪካ ቋንቋዎች» በሚል ጥቅል ስም ሊፈለግ እንደማይገባም የአካባቢያችን ቋንቋዎች ያሳያሉ። ትግርኛ ለአክብሮት የሁለተኛ መደብ ብዙን ይወስዳል፤ «ንስኹም ትኸፍሉ» የሚለው «ንሶም ይኸፍሉ» ከሚለው በግሡ መነሻ ይለያል። ከዚህም በላይ ለሴት «ንስኽን ትኸፍላ» ስለሚል ጾታን በአክብሮት ውስጥም ይጠብቃል። በትግርኛ የሚጠፋው ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድ የተከበረ ሰው ወይስ ብዙ ሰዎች የሚለው ይቀራል እንጂ አድማጩ ከሌላ ሰው ጋር አይደባለቅም። አፋን ኦሮሞም «ኢሲን» የሚለውን የሁለተኛ መደብ ብዙ ለአክብሮት ሲጠቀም፣ ግሡ ከሦስተኛው መደብ የሚለይበትን ድምፅ አያጣም። በስዋሂሊ ደግሞ «ኡታሊፓ»፣ «አታሊፓ» እና «ዋታሊፓ» በማናቸውም ጨዋነት ውስጥ አይቀላቀሉም፤ አክብሮት በሰላምታው፣ በመጠሪያውና ከትእዛዝ ይልቅ ለዘብ ያለውን የግሥ ቅርጽ በመምረጥ ይገለጻል።

እንግዲህ አንድ «መደበኛ» የሚል ምርጫ ለአራቱ ቋንቋዎች ቢሰጥ አራት የተለያዩ ነገሮችን ያደርጋል። በስዋሂሊ የመደብን ግሥ አይነካም፤ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ቁጥርን ይሰውራል፤ በአማርኛ ቁጥርንም መደብንም ይሰውራል። የዚህ መዘርዝር ዝግጅት የቋንቋ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ከፕሮግራም አዘጋጅ የሚጠበቅ አይደለም።

5. ጾታ፣ ቴምፕሬቸርና የቶከን ጣሪያ

ከላይ የተባለው «ዘና ያለ» ሁነታ ለአማርኛ የተሻለ ነው የሚል መደምደሚያ እንዳያስከትል ሌላውን ጎን ማየት ይገባል። «አንተ» እና «አንቺ» ጾታን ያስገድዳሉ። ሞዴሉ የተጠቃሚውን ጾታ ከምልልሱ ይረዳል የሚለው ተስፋ በአማርኛ ጠንካራ መሠረት የለውም፤ ምክንያቱም የአማርኛ አንደኛ መደብ ጾታን አይለይም። «ሪፖርቱን ልኬያለሁ» ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። ተጠቃሚው ረዳቱን «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲል ደግሞ ስለ ረዳቱ እንጂ ስለ ራሱ አይናገርም። ስለዚህ ሞዴሉ ያለው መንገድ ግምት ነው። ቴምፕሬቸሩ ወደ ዜሮ በወረደ ቁጥር ግምቱ በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ በዚያ ቦታ ይበልጥ ወደሚጠበቀው ቅርጽ ይጠጋል። ያንን ቅርጽ የመረጠው ያለፈ ጽሑፍ ልማድ ነው፤ ከፊት ያለችው ሠራተኛ በምርጫው ውስጥ የለችበትም። ለሂሳብ ሥራ አስተማማኝነትን ያመጣል ተብሎ የወረደ ቴምፕሬቸር ስሕተቱንም አስተማማኝ ያደርገዋል፤ ሠራተኛዋ በየቀኑ በወንድ ትጠራለች።

በዚህ ረገድ «እርስዎ» ትልቅ ጥቅም አለው። ጾታን አይጠይቅም፤ ስለዚህ የማይታወቅ ሰውን ለማነጋገር ከስሕተት የራቀው ቅርጽ እርሱ ነው። ሆኖም ጾታን በተመለከተ የሰጠውን ደኅንነት መደብን በተመለከተ መልሶ ይወስደዋል፤ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይነሣል። የአማርኛ ውቅር ችግር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይደለም። ችግሩ «እርስዎ» ን ይዞ የጠፋውን መደብ በሌላ መንገድ መመለስ ነው።

የቶከን ጣሪያው ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል። «ይከፍላሉ» የሚለው ባለ 5 ፊደል ቃል 15 ባይት ነው ማለት ነው። በተጨማሪም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተዘጋጀ የቶከን መቁረጫ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃልን በአንድነት ሲይዝ የአማርኛውን ቃል ይበታትነዋል። መጠኑ ከሞዴል ሞዴል ቢለያይም አቅጣጫው አንድ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ምላሽ የተለካ ጣሪያ የአማርኛውን ምላሽ አስቀድሞ ይቆርጠዋል።

የመቆረጡ ውጤት ደግሞ ከቃላት ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ዋናው ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አሉታም፣ ጊዜም፣ የባለቤት ስምምነትም ያለው በእርሱ ላይ ነው። «የአቶ ግርማ ድርጅት ለሦስተኛ ጊዜ የተላከለትን ማሳሰቢያ ተቀብሎ ቀሪውን ሂሳብ እስከ ወሩ መጨረሻ» ብሎ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር «ከፍሏል»፣ «አልከፈለም» ወይም «እንዲከፍል ተጠይቋል» ሊሆን ይችል ነበር። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር በዚያው ቦታ ቢቆረጥ አንባቢው መከፈል አለመከፈሉን አስቀድሞ አውቋል፤ የሚያጣው ዝርዝሩን ነው። የአማርኛው አንባቢ ዝርዝሩን ይዞ ፍሬ ነገሩን ያጣል።

6. የቆየው የሰላምታ ሠንጠረዥ

ይህ ሁሉ መሣሪያው ለአማርኛ የማይሆን ነው ወደሚል ፍርድ ሊያደርሰን አይገባም። በቢዝነስ ሴንትራል ውስጥ ከኮፓይለት በፊት የነበረ፣ ብዙም የማይወራለት አንድ ክፍል አለ። እያንዳንዱ የግንኙነት መዝገብ የሰላምታ ኮድ ይይዛል። ኮዱ ወንድን፣ ሴትን፣ ባለትዳርን፣ የሥራ ማዕርግ ያለውን ሰውና ድርጅትን ይለያል። ለእያንዳንዱ ኮድ በየቋንቋው የሰላምታ ቀመር ይጻፋል፤ ቀመሩም መደበኛና መደበኛ ያልሆነ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። በቀመሩ ውስጥ የትኛው የስም ክፍል፣ ማለትም የሥራ ማዕርግ፣ የመጀመሪያ ስም፣ የመካከል ስም፣ የመጨረሻ ስም ወይም የድርጅት ስም፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገባ መወሰን ይቻላል።

ይህ ሠንጠረዥ ለደብዳቤ አርእስት ብቻ የተሠራ ቀላል መሣሪያ ነው። ሆኖም ከአዲሱ የውይይት ሁነታ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል። አንደኛ፣ አክብሮትን ከጽሑፉ ላይ አንሥቶ በተጠሪው ሰው መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ ባለትዳር ሴትን መለየቱ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሚሉትን ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ማዕርግን መለየቱ ዶክተርንና ኢንጂነርን ያለችግር ያስተናግዳል። አራተኛ፣ የስሙን ክፍል መምረጥ መቻሉ ለእኛ ስም አወጣጥ ወሳኝ ነው። በአማርኛ ሰው በክብር የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ በመጨረሻ ስም የሚጠራ «መደበኛ» ደብዳቤ ሰውየውን ትቶ አባቱን ወይም አያቱን ያነጋግራል። በቀመሩ «አቶ» ን ከመጀመሪያ ስም ጋር ማጣመር የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ጉድለቱም አይካድም። «አባ»፣ «ቄስ»፣ «ሼክ»፣ «ሐጂ» የሚሉት መጠሪያዎች ለየራሳቸው ኮድ ካልተከፈተላቸው ቦታ የላቸውም። ድርጅት በአማርኛ «ድርጅትዎ» ተብሎ በኃላፊው በኩል፣ ወይም «ድርጅታችሁ» ተብሎ በማኅበርነቱ ሊጠራ መቻሉን ሠንጠረዡ አያውቅም። ከሁሉም በላይ ሠንጠረዡ የሚያውቀው የደብዳቤውን ተቀባይ ብቻ ነው። የውይይት ረዳት ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ዝምድና ይይዛል። ሠራተኛዋን ያነጋግራል፤ ለደንበኛው ደብዳቤ ያረቅቃል፤ በሁለቱም ውስጥ ስለ ሌሎች ሰዎች ያወራል። ለሠራተኛዋ «አንቺ» ያለ ረዳት በዚያው ምላሽ ውስጥ ለደንበኛው «እርስዎ» የሚል ረቂቅ ማቅረብና አለቃዋን «እሳቸው» ማለት ይጠበቅበታል። አንድ ቅጽል ሦስቱን ሊሸከም አይችልም።

7. ለውቅሩ የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ የተነሣ ለአማርኛ የሚዋቀር የንግድ ረዳት ቢያንስ የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ የሥርዓት መልእክቱ «መደበኛ» የሚለውን ቅጽል ትቶ ተሳታፊዎቹን በየተራ ይዘርዝር፤ ለእያንዳንዱም የአክብሮት ደረጃ፣ ጾታና ቁጥር ይመዝገብ። መረጃው ከሰላምታ ኮዱ በኮድ ሊነበብ ይችላል። ፕሮምፕት ኦፕሽንስ ዝርዝር ብቻ መቀበሉ ለዚህ እንቅፋት አይሆንም፤ አንድ ዝርዝር በነበረበት ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ማስቀመጥ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ጾታው ያልተመዘገበ ሰው በ«እርስዎ» ይጠራ። በዚያን ጊዜ ግን «አጭር» የሚለው መመሪያ በተውላጠ ስም ላይ እንዳይሠራ ይገደብ። የተሻለው ዘዴ አድማጩን ከባለቤትነት ወደ ተሳቢነት ወይም ወደ አገናዛቢነት ማዛወር ነው። የባለቤቱ ቅርጽ ቢዋሐድም የተሳቢውና የአገናዛቢው ቅጥያ አልተዋሐደም፤ «ይከፍልዎታል» እና «ይከፍላቸዋል»፣ «ዕዳዎ» እና «ዕዳቸው» ዛሬም ይለያያሉ። ስለዚህ «ይክፈሉ» ከማለት «ዕዳዎን ይክፈሉ»፣ «እስከ ሰኞ ይከፍላሉ» ከማለት «እስከ ሰኞ ከእርስዎ የሚጠበቀው ክፍያ» ማለት አክብሮቱን ሳይቀንስ መደቡን ይመልሳል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ ያኖረው መውጫ ነው።

ሦስተኛ፣ የገጹ ቁልፎች በትእዛዝ ፈንታ በንዑስ አንቀጽ ይጻፉ። «መፍጠር»፣ «መላክ»፣ «መሰረዝ» ማንንም ስለማያዝዙ በአንድ ገጽ ላይ ያለው የሁለት አቅጣጫ ግጭት ይወገዳል።

አራተኛ፣ የቶከን ጣሪያ ለአማርኛ ለብቻው ይለካ፤ በዋና ግሥ ያልተዘጋ ምላሽም ለተጠቃሚው ከመታየቱ በፊት እንደገና እንዲዘጋጅ ይደረግ። በኮንቴንት ሁነታ ላይ ያለው የሰው ምርመራ መጨረሻው አጥር ነው፤ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገርን አንባቢው በራሱ ግሥ ሞልቶ እንዲያጸድቀው መተው ግን አጥሩን ማፍረስ ነው።

አምስተኛ፣ ውቅሩ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በቋንቋ ባለሙያ በተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች ይፈተን። ፈተናው ሰፊ መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ጊዜ «እርስዎ»፣ «እሳቸው» እና «እነሱ» ባለቤት የሚሆኑባቸው ሦስት ጉዳዮች ይቀርባሉ፤ ረዳቱ የሚያወጣው ማጠቃለያ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይጠየቃል። መልሱ ካልተለየ ውቅሩ ወድቋል።

የመጨረሻው ሐሳብ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። የአክብሮት ቅርጾች ዝርዝር በሰዋስው መጻሕፍታችን ውስጥ አለ። የጎደለው በየቋንቋው አክብሮት ሲገባ የትኛው ልዩነት እንደሚጠፋና ቋንቋው የጠፋውን በየትኛው ሌላ ቅርጽ እንደሚመልስ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለስዋሂሊ ቢዘጋጅ ለንጽጽር ሰዋስው ያለው ዋጋ ግልጽ ነው። ፕሮግራም አዘጋጁም «መደበኛ» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ያ ቃል በሚያዋቅርበት ቋንቋ የትኛውን የግሥ ልዩነት እንደሚያጠፋ ከሠንጠረዡ ማንበብ ይችላል።